ፔዳሉን ከመንካታችሁ በፊት

ጋራዥ ለምትገቡ ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል፣ ቶሎ ያልቃል። ከፒያሳ ወዴትም ብትነዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሾፌሩም ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ይወዳል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ፔዳል ማስተካከልን ደጋግማችሁ ትሠሩታላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሾፌር ቶዮታ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ኦሪጅናሉ ስለተወደደበት ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ፍሪሲዮን አስገብቷል። «አንተ ልጅ፣ እስከ ወለሉ ካልረገጥኩት ማርሽ አይገባልኝም» አለኝ። እኔም ብልጥ ነኝ! ዘንጉን የያዘውን ዳዶ ፈታሁ፣ ከፔዳሉ ዘይቱን ወደሚገፋው ፖምፓ የሚሄደውን ዘንግ አስረዘምኩ፣ ፔዳሉ መግፋት ሳይጀምር በባዶ የሚሄድባትን ክፍተት ድራሿን አጠፋሁት። ማርሹ ገባ። ሰውየው መርቆኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ከአዘዞ ሲመለስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ዳገቱን አይወጣም። አዲሱ ሸራ፣ የፍሪሲዮኑ የሚይዘው ዲስክ፣ ተቃጥሏል። ዋጋው ከደሞዜ ተቆረጠ።

ምን ሆኖ ነው? እግር ከፔዳሉ ሲነሳ የፖምፓው ፒስተን እስከ መጨረሻው ተመልሶ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው የሚያልፍባትን ቀዳዳ መክፈት አለበት። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ አይመለስም፤ ቀዳዳዋ ተዘጋች ማለት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል፣ መውጫ ያጣል፣ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ኩሽኔታ ይገፋል። ሾፌሩ ሳያውቀው ፍሪሲዮን በግማሽ ረግጦ ይነዳል።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ። ጣሊያን ህዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ቀሩ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ክፍተቱን በእግራችሁ አትለኩ፣ እግር አይሰማውም። በጣት ፔዳሉን ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ ጠንከር እስኪል ድረስ ያለችው መንገድ ናት ክፍተቱ። በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌላው መኪና መጽሐፉን እዩ። ዘንጉን ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ፤ ስንት እንዳዞራችሁም ቁጠሩ። ዳዶውን ማጥበቅ አትርሱ።

ከዚያ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩን ነዳጅ ሳትሰጡ በሚኒሞ ተዉት፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ጥቂት ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ፍሪሲዮን ስፕሪንጉ ጠንከር ሊል፣ የሚይዝበትም ቦታ ከድሮው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ባለመኪናው «እንደ ድሮው አድርግልኝ» ብሎ ቢለማመጣችሁም ክፍተቱን አትሽጡለት። «አንድ ሳምንት ንዳው፣ እግርህ ይለምደዋል» በሉት። ክፍተቱ ልክ ሆኖ ማርሹ አሁንም ከጮኸ ደግሞ የዳዶ መፍቻውን አስቀምጡ። ፖምፓው ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ ሸራው የዚያ መኪና መሆኑን፣ መስመሩ አየር መያዝ አለመያዙን እዩ።

የዚያ ፒክአፕ ችግር ኋላ ሲፈተሽ አየር ነበር። አስወጥተን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።