ረጃጅሞቹ የኖርዌይኛ ቃላት፦ የት ይቆረጣሉ? የቱ ይጫናል?

አንዷ እህታችን እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «ረጅም ቃል ሳነብ አስተማሪዬ አይገባትም። ‹ኦፕሆልስቲላቴልሰ› ዓይነቱን የት ልቁረጠው? የቱ ላይ ልጫን?»

እህቴ፣ ኦስሎ ውስጥ አዲስ ለሚመጡ ልጆች ኖርስክ (ኖርዌይኛ) ሳስጠና ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ስፌቱን መፈለግ ነው። ይሄ ቃል «ኦፕሆል» (ቆይታ) እና «ቲላቴልሰ» (ፈቃድ) ተጣብቀው የሠሩት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ! እኛ ሰዎች ከሰላምታ ቀጥሎ የምንለምደው ቃል። መሃል ያለችው «ስ» ማያያዣ ናት፤ የምትሄደው ከፊተኛው ጋር ነው። ስለዚህ «ኦፕሆልስ» በይና «ቲላቴልሰ»ን ቀጥይ። «ስ»ን ወደ ኋለኛው ከወሰድሻት ሰሚው ግራ ይገባዋል።

ዋናው ጫና ፊተኛው ቃል ላይ ያርፋል። ልብ በይ፣ ሁሌ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው ማለቴ አይደለም። ፊተኛው ቃል ብቻውን ሲነገር የሚጫንበት ቦታ እንዳለ ይቀራል። «ባርነሃገ» (መዋዕለ ሕፃናት) «ባር» ላይ ይጫናል። «ፖሊቲ» (ፖሊስ) ግን መጨረሻው «ቲ» ላይ ነው። ስለዚህ «ፖሊቲስታሾን»ም ስትዪ «ቲ» ላይ ተጫኚ። «ስታሾን» ብቻውን «ሾን» ላይ ይጫናል፤ እዚህ ላላ ይላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ጫና ማለት ደግሞ መጮህ አይደለም። የሚጫነው ክፍል ይረዝማል፦ ወይ አናባቢው ይሳባል፣ ወይ ተነባቢው ይጠብቃል። ማጥበቁን «ገና» እና «ገና» ብለን የምንለይ ሰዎች አናጣውም፤ ኖርዌዮቹ እንዲያውም ፊደሉን ደግመው ይጽፉልናል። የሚያስቸግረን አናባቢውን መሳብ ነው። «ሲከሁስ» (ሆስፒታል) ስትዪ «ሲ»ን ሳቢ፣ «ሁስ»ንም በቀላሉ አትልቀቂው። አማርኛችን ሁሉንም እኩል ስለሚረግጥ፣ ኖርዌይኛውንም እኩል ከረገጥነው ቃሉ ተበታትኖ ይሰማል።

መበታተኑ ትርጉም እስከ መቀየር ይደርሳል። «ላመሎር» በአንድ ዋና ጫና የበግ ታፋ ነው። ለሁለት ከፍለሽ ሁለቱንም እኩል ከተጫንሽ «ሽባ ታፋዎች» ይሆናል! ኖርዌዮቹ ራሳቸው አንድ መሆን ያለበትን ቃል ለያይተው እየጻፉ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ።

ቁጥርና አንዳንድ የከተማ ስም ላይ ግን ይሄን ሕግ አትመኚ። 45 «ፈርቲፌም» ሲባል ጫናው «ፌም» ላይ ነው። ክርስቲያንሳንም «ሳን» ላይ ይጫናል። እነዚህን እየሰሙ መያዝ ነው የሚሻለው።