መልስ፦ እንስሳት የሚደሩት በፀደይ ብቻ ነው?

«ካርቱን ላይ አበባ ሲፈነዳ እንስሳ ሁሉ በፍቅር ያብዳል፤ እውነት ነው?» ላልከው፣ ቀልዱ ወቅቱን አዛብቶታል (የካርቱኑ ፀደይ የአውሮፓው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው)። የአውሮፓ ቀይ አጋዘን የሚያጓራውና ቀንድ ለቀንድ የሚጋጠመው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። እርግዝናው 8 ወር ገደማ ስለሚፈጅ ግልገሉ ሣር በለመለመበት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይወለዳል። ምልክቱን የሚሰጠው የሌሊት መርዘም ነው፤ አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን በጨለማ የሚመነጭ ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ሲያመነጭ አጋዘንና በግ ይነሳሳሉ። ፈረስ ግን 11 ወር ስለሚያረግዝ የሚደራው ቀኑ ሲረዝም ነው፤ ለካርቱኑ የሚቀርበው እሱ ነው።

ወንዱ አጋዘን በዚያ ሰሞን ግጦሽ ይረሳል፣ ይከሳል፤ ሽንቱን ሆዱ ላይ እየረጨ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል (ካርቱኑ ሽታውን ቢዘለው አይፈረድበትም)።

ላም ወቅት አትጠብቅም፤ በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። ሌላ ላም ስትወጣባት ጸጥ ብላ ከቆመች፣ ጠዋት ካየህባት ማታ አስጠቃት (ከኮርማ ጋር አገናኛት)።