የመጀመሪያ ኮዳችሁን ጊትሃብ ላይ ስታወጡ፦ ከአዳማ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ የጻፉትን ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲጠቀምበት ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ማድረግ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጊትሃብ ላይ ፕሮጀክት ማውጣት ያስከፍላል?

መልስ፦ አያስከፍልም፤ ክፍቱም ዝጉም ሪፖዚተሪ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ማስቀመጫ) በነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ጠያቂያችን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የኛን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ የሚቀይር አጭር የፓይተን ኮድ ጽፋለች። ጓደኞቿ «ይሄን ስንቱ ሠርቶታል፤ ይቺን ይዘሽ ልትወጪ ነው?» ስላሏት አፍራለች።

መልስ፦ ማፈሩን ትተሽ አውጪው። ስንቱ ሠርቶታል የሚለው እውነት ነው፤ ስንቱ በትክክል ሠርቶታል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ሥራ አንዱ ተማሪ ከሌላው ቀጥሎ ከባዶ የሚጀምረው፣ ቀድሞ የወጣውን የሚያምንበት ነገር ስለማያገኝ ነው። ቴስት (ኮዱ ትክክል መሆኑን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) አልተጻፈለትም፣ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ጽሑፍ) ባዶ ነው፣ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) የለውም። እነዚህን ሦስቱን ያሟላ ትንሽ ኮድ፣ መሃል ላይ ከተተወ ትልቅ ሲስተም ይልቅ ለሰው ይጠቅማል። በቋንቋችንና በዘመን አቆጣጠራችን ላይ የሚሠራ ሁሉ የሚቆመው በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሥራዎች ላይ ነው።

ስለዚህ ጉልበትሽን ቴስቱ ላይ አውዪው። ቀን መቀየሪያ የሚሳሳተው የዛሬውን ልዩነት እንደ ቋሚ ቁጥር ሲወስድ ነው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ደግሞ 12። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ይህ ግን በጎርጎርዮስ ከ1900 እስከ 2099 ላለው ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። የኛ ጳጉሜን ሳታቋርጥ በየ4 ዓመቱ 6 ትሆናለች፤ በጎርጎርዮስ ግን 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፣ 2100ም አይኖረውም።

ይህን ለመፈተን ከዓድዋ የተሻለ ቀን የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ በዓሉን ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ነው። ኮድሽ ለ1888 ማርች 2 ብሎ ከመለሰ የ1900ን ለውጥ አልቆጠረም ማለት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን መቀበል አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ደግሞ ስህተት ነው ብሎ መመለስ እንጂ ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 ማሳለፍ የለበትም። እነዚህን ቀኖች ቴስት ውስጥ አስገቢያቸው። ኮድሽን የሚመረምር ሰው ቴስቱን ይከፍታል።

ሪድሚው ላይ፣ ኮዱ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ እንዴት እንደሚጫን፣ አንድ ምሳሌ ከነውጤቱ፣ እንዲሁም የማይሠራውን ነገር ጻፊ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፤ መጀመሪያ የሚጠቀሙበት የአገርሽ ልጆች ናቸው። ከዚያ የጓደኛሽን ላፕቶፕ ተውሰሽ፣ ሪፖዚተሪውን ክሎን አድርገሽ (ሙሉ ቅጂውን አውርደሽ)፣ ሪድሚው ላይ ያለውን ብቻ እየተከተልሽ ሞክሪው። አንቺ ጋ የሚሠራው የሚያስፈልገው ላይብረሪ (ኮድሽ የሚጠቀምበት ሌላ የተዘጋጀ ኮድ) ቀድሞ ስለተጫነ ሊሆን ይችላል። የጎደለው ነገር እዚያ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሌ ድረ ገጹ ላይ ይሠራል፤ ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ፑሽ ሳደርግ (ኮዱን ወደ ጊትሃብ ስልከው) ግን አይቀበለኝም።

መልስ፦ ጊትሃብ ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ ከተርሚናል የይለፍ ቃል አይቀበልም። ሴቲንግስ ውስጥ ዴቨሎፐር ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፐርሰናል አክሰስ ቶክንስ ግባ። ለዚያች ሪፖዚተሪ ብቻ፣ ኮንቴንትስ የሚለውን ማንበብና መጻፍ ፈቅደህ ቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚሠራ ረጅም ቁልፍ) አውጣ። የይለፍ ቃል ሲጠይቅህ እሱን ለጥፍ። ስትለጥፈው ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ልክ ነው፣ ኢንተር በለው። ቶክኑ የሚታይህ አንዴ ብቻ ስለሆነ ገጹን ሳትዘጋ ቅዳው።

ጥያቄ፦ ፖስታ ቤት አካባቢ ላለ ምግብ ቤት ትእዛዝ የሚቀበል የቴሌግራም ቦት የሠራ ወጣት፣ የቦቱን ቶክን (ቦቱን ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ቁልፍ) ከኮዱ ጋር ፑሽ አድርጎታል። ሲነቃ ፋይሉን አጥፍቶ እንደገና ፑሽ አደረገ። «አሁን ችግር የለም አይደል?» ይላል።

መልስ፦ አለ፣ ዛሬውኑ የሚፈታ ችግር። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተሠራው የቀድሞውን እንዲያስታውስ ነው። ያጠፋኸው ፋይል ከመጨረሻው ኮሚት (ጊት ከመዘገበው የለውጥ ደረጃ) ላይ ጠፋ እንጂ በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ብቻ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ክፍት ሪፖዚተሪዎችን ያስሳሉ። ሪፖዚተሪውን ዝግ ማድረግም አይበቃም፤ ቶክኑን ቀድሞ የቀዳ ሰው ይዞታል።

ቅደም ተከተሉን አታዛባው። በመጀመሪያ የቴሌግራም ቦቶች የሚተዳደሩበት ቦትፋዘር ጋ ገብተህ ቶክኑን ሪቮክ አድርገው (ሰርዘው)፤ አሮጌው ቶክን መሥራት ያቆማል፣ አዲስ ይሰጥሃል። ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮጀክቱ ገና ከሆነና የኮሚቱ ታሪክ የማያስፈልግህ ከሆነ ሪፖዚተሪውን አጥፍተህ በአዲስ ጀምር፤ ታሪኩን የምትፈልገው ከሆነ ጊት ፊልተር ሪፖ የሚባለው መሣሪያ አለ። አዲሱን ቶክን ኢኤንቪ (.env) ፋይል ውስጥ አድርግና የፋይሉን ስም ጊትኢግኖር (.gitignore፣ ጊት የማይመዘግባቸው ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ጻፈው፤ ይህን የምታደርገው ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ነው። ሌላው ሰው ምን መሙላት እንዳለበት እንዲያውቅ ዋጋው ባዶ የሆነ የናሙና ፋይል አብረህ አስቀምጥ። የዳታቤዝ ይለፍ ቃልና የክፍያ ቁልፍም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ።

ጥያቄ፦ በሞባይል ዳታ ፑሽ ሳደርግ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዳታዬን ጨረሰው።

መልስ፦ የተቋረጠ ፑሽ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ስለዚህ መፍትሔው የሚላከውን ማሳነስ ነው። የምትልከው ኮድህን ብቻ አይመስለኝም፤ ኖድ ሞጁልስ ፎልደር (የወረዱ ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት) ወይም የተገነባ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) አብሮ ገብቷል። ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ካለማ ጊትሃብ ራሱ አይቀበለውም። ጊትኢግኖር ላይ አሁን መጻፍህ ብቻውን አይረዳህም፤ ኮሚት የተደረገው ተደርጓል። ገና ምንም ካልወጣ የፕሮጀክቱን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጥ፣ የተደበቀውን የጊት ፎልደር (.git) አጥፋ፣ መጀመሪያ ጊትኢግኖርን ጻፍ፣ ከዚያ ጊት ኢኒት (git init) ብለህ ጀምር። ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቤትህ ሠርተህ ዋይፋይ ስታገኝ በአንዴ ላከው።

ጥያቄ፦ ላይሰንስ የግድ ነው? ኮዴን ወስዶ ቢሸጠውስ?

መልስ፦ የግድ ነው። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ይታያል እንጂ ክፍት አይደለም። የቅጂ መብቱ ሙሉ በሙሉ ያንተ ሆኖ ስለሚቀር፣ ጠንቃቃ ሰው አይነካውም። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል።

ስለ መሸጡ፣ በመጀመሪያ የምትፈልገውን ወስን። ኤምአይቲ የሚባለው ላይሰንስ ስምህና የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ እስካለ ድረስ መጠቀምን፣ መለወጥን፣ መሸጥንም ይፈቅዳል። አፓቼ 2.0 ተመሳሳይ ነው፤ የፓተንት ፈቃድ ይጨምራል። ጂፒኤል 3 መሸጥን አይከለክልም፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያሰራጭ ሰው ግን የምንጭ ኮዱን በዚያው ላይሰንስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «መሸጥ ክልክል ነው» ብለህ የራስህን መስመር ከጻፍክ ፕሮጀክቱ ኦፕን ሶርስ መባሉ ይቀራል። ለትንሽ ላይብረሪ ኤምአይቲን እመርጣለሁ። በቡድን የሠራችሁት ከሆነ ሳትመርጥ በፊት የሁሉንም ስምምነት በጽሑፍ ያዝ። ለከረረ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ አለ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፎንት ከፕሮጀክቴ ጋር ላስገባ?

መልስ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ከነላይሰንስ ፋይላቸው አስገባ። የማይክሮሶፍት የሆነውን ኒያላ ግን ቀድተህ አታውጣ።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ክሊኒክ ተቀጥረው የሚሠሩ አባት የካርድ ክፍሉን ሲስተም እሳቸው ናቸው የጻፉት። ለሌሎች ክሊኒኮች እንዲጠቅም ከናሙና ዳታቤዙ ጋር ሊያወጡት ያስባሉ።

መልስ፦ ሐሳብዎ የሚመሰገን ነው፤ ግን እባክዎ አሁን አያውጡት። በተቀጣሪነት የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ነው። የጻፉት እርስዎ መሆንዎ ይህን አይቀይረውም። ናሙና ያሉት ዳታቤዝ ከእውነተኛ ካርድ የተቀነሰ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው። ስም ቢሰረዝም ዕድሜ፣ ቀበሌና የምርመራ ውጤት አንድ ላይ ሆነው ሰውን ያሳውቃሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ውልዎን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ። ይህን ስል ለወጉ አይደለም፤ ፋይል ከመክፈትዎ በፊት ያድርጉት። ቀጣሪዎ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላም ዳታውን በሙሉ አውጥተው፣ በፈጠራ ስሞችና ቁጥሮች የተሞላ አዲስ ናሙና ይሥሩ፤ ታሪኩ ውስጥ አሮጌው እንዳይቀር በአዲስ ሪፖዚተሪ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ኢሜይሌ ለሁሉም ይታያል?

መልስ፦ በየኮሚቱ ውስጥ ይታያል። ሴቲንግስ ውስጥ ኢሜይልስ ላይ አድራሻሽን የሚደብቀውን ምልክት አድርጊ፣ ጊትሃብ የሚሰጥሽን ምትክ አድራሻ ወስደሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ባለው የጊት ኮንፊግ (የጊት ማስተካከያ) አስገቢ። ቀድሞ በወጡት ኮሚቶች ላይ ያለው ግን በዚህ አይቀየርም።