ምድጃ ላይ ሴራሚክ ለምትለጥፉ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

ድሬዳዋ ላይ «ሳሎኔ ውስጥ የእሳት ምድጃ ሥሩልኝ» የሚል ደንበኛ አይመጣላችሁም፤ ከመጣም ሙቀቱ መትቶት ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረማያን አልፋችሁ ሐረር ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ይበርዳል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም ምድጃ ያምረዋል። መታጠቢያ ቤትና ኩሽና የለመደ እጃችሁን ይዛችሁ የምትጠሩት ያኔ ነው።

ሴራሚክ ራሱ እሳት አይፈራም፤ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ተተኩሶ የወጣ ነው። የሚፈራው ጀርባው ነው፦ ማጣበቂያው፣ ልስኑ፣ ከልስኑ ሥር ያለው። ስለዚህ ደንበኛው ስለ ቀለም ሲያወራ እናንተ ግድግዳውን አንኳኩ። ብሎኬት ወይም ድንጋይ ከሆነ ደግ ነው። በምድጃው አፍ ዙሪያ እንጨት ወይም ቺፑድ ካገኛችሁ ግን ይነሳ በሉ፤ እምቢ ካለ ዕቃችሁን ሰብስቡ። የአሜሪካ የግንባታ ደንብ ከምድጃው አፍ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር ያዛል፤ ከፊቱ ያለው ወለልም ለትንሽ ምድጃ እንኳ 40 ሳንቲሜትር ያህል የማይቃጠል ንጣፍ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህን ልክ ያዙት።

ምድጃው ሆድ ውስጥ ሴራሚክ አይገባም። የዚያ ቦታ የእሳት ጡብና እሳት የሚችል ማያያዣ ነው።

አሁን ወደምጣላችሁ ነገር ልምጣ። ማጣበቂያውን አራቱ ማዕዘንና መሐሉ ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ ሴራሚኩን መጫን የለመዳችሁ ብዙ ናችሁ። ፈጣን ነው፣ ማጣበቂያም ይቆጥባል፤ ኮንትራክተሩም ስለዚህ ይወዳችኋል። ግን ጀርባው ባዶ ይቀራል። ግድግዳው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በጥቂት ነጥብ ብቻ የተያዘው ሴራሚክ አንድ ቀን ይላቀቃል። በጥርሳም መለሰኛ ግድግዳውን ሙሉ ቀቡ፤ ሴራሚኩ ትልቅ ከሆነ ጀርባውንም ቀቡት። በባልዲ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ማጣበቂያ ለዚህ ሥራ አትንኩት፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል። በሲሚንቶ የተሠራውን ግዙ፣ ከረጢቱ ላይ ስለ ሙቀት የተጻፈውንም አንብቡ። ሴራሚኩ ከምድጃው አፍ የብረት ፍሬም ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ፊለር (በሴራሚኮች መካከል ያለውን ክፍተት የምንሞላበትን) አትሙሉት፤ ብረቱ ከሴራሚኩ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ፊለሩ ይሰነጠቃል። ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይግባበት።

አደራደሩን መጀመሪያ በደረቁ ወለል ላይ ዘርግታችሁ እዩ። ከምድጃው አፍ መሐል መስመር ጥላችሁ ወደ ግራና ቀኝ ከሄዳችሁ የተቆረጡት ዳርና ዳር እኩል ይወጣሉ።

ጁገል፣ በግንብ በታጠረው በአሮጌው የሐረር ከተማ ውስጥ፣ ከጠሯችሁ ግን ቆም በሉ። ግንቡና አሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ናቸው፤ የሚመለከተውን ቢሮ ፈቃድ በዓይናችሁ ሳታዩ መሮ አታንሱ።

ፊለሩ በገባ ማግሥት እሳት አይነድም። ከረጢቱ የሚለውን ያህል ቀን ይቆይ፤ ከዚያ በጥቂት ጭራሮ ይጀመርና ቀስ እየተባለ ይጨመር። ባለቤቱ እንግዳ ጠርቶ ያንኑ ምሽት ሊያነድ ይችላልና ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉና አስፈርሙት፤ ቀሪውን ክፍያ የምትቀበሉትም ያኔ ይሁን።