የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወሩ ሞልቶ መጽሐፉ ሳያልቅ

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን በየወሩ አንድ መጽሐፍ እያነበብን እንወያያለን። በዚህ ወር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘን ግማሻችን አልጨረስንም፤ የጨረሱትም «ደስ ይላል» ከማለት አላለፉም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በ30 ቀን ለመጨረስ በቀን 17 ገጽ ገደማ ይጠይቃል፤ ሥራ ለሚውል ሰው ይከብዳል። ለሁለት ወር ክፈሉት። ውጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ማዳመጥ ያግዛል፤ ግን በጆሮ ያለፈን አንቀጽ ውይይት ላይ ገልጦ ማሳየት ስለማይቻል ንባቡን አይተካም።

«ደስ ይላል» የሚመጣው ያለ ማስታወሻ ሲነበብ ነው። ገጹን ሁሉ ማስመርም ከንቱ ድካም ነው። እያንዳንዱ አንባቢ ሦስት ነገር ብቻ፣ ባነበበበት ዕለት ይጻፍ፦ ያስቆመውን ዓረፍተ ነገር፣ ያላሳመነውን የገጸ ባሕርይ ድርጊት፣ ያልገባውን ነገር። እትማችሁ ከተለያየ የገጽ ቁጥር አይገጥምምና ምዕራፉንም ጥቀሱ። ውይይቱን ካልገባችሁ ነገር ጀምሩ፤ በአድናቆት ከተከፈተ ተቃዋሚ ይጠፋል፣ ነገረኛው አባል እንኳ ዝም ይላል።

ከመካከላችሁ ልብ ወለድ የሚሞክር ካለ፣ ምልልስ የበዛበትን አንድ ገጽ በእጁ ይገልብጥ። ስም ሳይጠራ ተናጋሪው በአንቱታው፣ በምርቃቱና በእርግማኑ እንዴት እንደሚለይ ያኔ ያየዋል።