መርከብ ላይ ልሥራ ለምትሉ የጎጃም ልጆች

ሰሞኑን ሁለት ሦስት የአገሬ ልጆች ከአውሮፓ ደውለውልኝ ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «የመርከብ ሞተር ክፍል ለመግባት ምን ላጥና?» አንዱ እንዲያውም የድሮ ፈተና ከነመልሱ መሸምደድ ጀምሯል። ተው፣ ወንድሜ። ፈተናውን ልታልፍበት ትችላለህ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓምፕ አልስብ ሲልህ ግን ከ«ሀ» እስከ «መ» ምረጥ የሚልህ የለም።

እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። ባሕር ያየሁት አድጌ ነው፣ ሞተር ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ወፍጮ ቤት። እናቴ እህል አሸክማ ትልከኝና ወረፋ እስኪደርሰኝ የባለወፍጮውን እጅ አያለሁ። በየመሀሉ የሚሽከረከረውን ዘንግ የተሸከመውን ኩሽኔታ በእጁ ጀርባ ነካ ያደርገዋል። ከወትሮው ከሞቀበት ያቆማል። ለካ መርከብ ላይ በየተራችን የምንዞረው ዙር ይኸው ነው፣ እኛ ቴርሞሜትር ጨመርንበት እንጂ። ኩሽኔታ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ዘይቱ ሲቀጥን ብረት ከብረት ይገናኛል፣ ያኔ ፍትጊያው ብሶ ሙቀቱ ይጨምራል። መጽሐፉን ስትከፍት ከዚህ ጀምር። ጉልበት፣ ሞመንት (የማዞር ኃይል)፣ ፍትጊያ፣ ግፊት፣ ሙቀት። ወረቀት ላይ ቀስት እየሳልክ ጉልበቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ካላየህ የማሽን ስም ብትደረድር ዋጋ የለውም።

ጀማሪ ሳለሁ የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ ክዳን ገጥሜ ጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) አንጠባጠበብኝ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ቡሎኑ ቀጭ! አለ። አለቃዬ አልተቆጣኝም፣ እርሳስ ሰጠኝ። በግማሽ ሜትር ቁልፍ 400 ኒውተን ብትጫን የማዞር ኃይሉ 200 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቱቦ ሰክተህ አንድ ሜትር ስታደርሰው በዚያው ጉልበት 400 ኒውተን ሜትር ሆነ። ይባስ ብሎ ጥርሱን ዘይት ቀብቼው ነበር። ከምትጫነው አብዛኛውን ፍትጊያ ይበላዋል፣ ቡሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው አንድ አስረኛው ያህል ነው። ዘይት ስትቀባው ፍትጊያው ይቀንስና ቡሎኑ ከታሰበው በላይ ይወጠራል። ስለዚህ ማኑዋሉ ቁጥሩን የሰጠው ለደረቅ ነው ለተቀባ ጥርስ? ይሄን ሳታይ ቶርክ ሬንች (የማዞር ኃይሉን የሚለካውን ቁልፍ) አታንሳ።

ስለ ምስክር ወረቀቱ ባጭሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው፣ ኤስቲሲደብሊው የሚባለው የመርከበኞች ስልጠናና ምስክር ወረቀት ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው የሚገዛን፣ ስልጠናም የባሕር ላይ ልምምድም ይጠይቃል። «ያለ ስልጠና አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠመህ ስልኩን ዝጋው።

አሁን ወደ ፓምፕ፣ ምክንያቱም ይሄኛው አገር ቤት ድረስ ይከተልሃል። አንድ ዘመዴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ላሉ ወላጆቹ ከውጭ የቤንዚን ፓምፕ ላከ። ላዩ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ይላል፣ ጉድጓዱ 7 ሜትር ነው፣ ፓምፑ ግን ጠብታ አላወጣም። «የተበላሸ ላከብን» ተብሎ ታማ። ፓምፑ ምንም አልሆነም! ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭ አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ወደ 7.7 ይወርዳል፣ እሱም በወረቀት ነው፤ የቱቦው ፍትጊያ ገና አልተቀነሰም። 8 ሜትር የተባለው ለባሕር ወለል ነበር።

መርከብ ላይ የባሕር ውሃ ፓምፕ ከውሃው ወለል በታች የሚቀመጠው ለዚሁ ነው፣ ውሃው ራሱ ይመጣለታል። ማጣሪያው በቆሻሻ ሲደፈን ግን የመሳቢያው ግፊት ይወርድና ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋው ፓምፑ ውስጥ ሲፈነዳ ጠጠር ምጣድ ላይ የሚቆላ ይመስላል። ያንን ድምፅ ስትሰማ ፓምፑን ለመፍታት አትቸኩል፣ መጀመሪያ የመሳቢያውን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እይ፣ ከዚያ ማጣሪያውን።

ለቤተሰብ የምትልክ ከሆነም ውሃ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ላክ። የቤንዚኑን «እናቅርበው» ብለው ጉድጓድ ውስጥ እንዳያወርዱት አደራ በላቸው፣ ጭሱ ሰው ይገድላል። ጥልቀቱንም ሚያዝያ ላይ በገመድ ይለኩልህ እንጂ በመስከረም የተለካውን እንዳታምን።