መልስ፦ ቀለማቸው ስለሚለያይና እየጠፉ ስለሚመለሱ ባለ 70 ዋት ሜታል ሃላይድ አምፖሎች

ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ጅማ ውስጥ ያለ የቤት ዕቃ መሸጫ ጣሪያ ላይ ጂ12 እግር ያላቸው 8 ትንንሽ ባለ 70 ዋት ሜታል ሃላይድ አምፖሎች ተሰቅለዋል። አንዳንዶቹ ቢጫ፣ ሌሎቹ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ያበራሉ። ሁለቱ ማታ ማታ በራሳቸው ጠፍተው ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳሉ፤ አዲስ አምፖል ቢገዛላቸውም ያው ናቸው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም 10 ደቂቃ ያህል አልበራም ይላሉ። «ሻጩ አንዱን ኳርትዝ፣ አንዱን ሴራሚክ ይለዋል፤ ልዩነቱ ምንድነው?» ብለሃል።

ከኳርትዝና ሴራሚክ ልጀምር፤ የቀለሙ ጉዳይ ከዚያ ነው የሚመጣው። በአምፖሉ መስታወት ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለች። በውስጧ አርጎን ጋዝ፣ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪና የጨው ፍርፋሪ አለ፤ ጨው ስል የሶዲየም፣ የታሊየም፣ የዲስፕሮሲየም ወይም የስካንዲየም አዮዳይድ ማለቴ ነው። ጨው የመጨመሩ ሐሳብ የቆየ ነው፤ ቻርለስ ስታይንሜትዝ በ1912 (እንደ ፈረንጅ) የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ለገበያ የሚሆን አምፖል የወጣው ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ በጊልበርት ራይሊንግ እጅ ነው። አምፖሉ ሲሞቅ ጨው ሁሉ አይተንም። የተረፈው ቀልጦ ቱቦዋ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ምን ያህል ጨው ተንኖ ብርሃን እንደሚሰጥ የሚወስነውም የዚያ ቦታ ሙቀት ነው። ቦታው ከቀዘቀዘ ጨው ይጎድልና የሜርኩሪው ሰማያዊ አረንጓዴ ይጎላል፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ሶዲየም ይበዛና ብርሃኑ ይሞቃል፣ ይቀላል።

ትልቁ የፓውዛ አምፖል፣ ባለ 400 ዋቱ ማለት ነው፣ በዚህ ብዙ አይቸገርም። ቱቦዋ ስታንስ ግን ሙቀቷን በጫፎቿ በኩል ቶሎ ታጣለች። ስለዚህ በትንንሾቹ የኳርትዝ አምፖሎች የቱቦዋ ጫፎች ላይ ነጭ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ቀለም ይቀባል፤ ሙቀትን ወደ ውስጥ እየመለሰ ጨው የሚያርፍበትን ጫፍ ያሞቃል። የጠፋ አምፖል አውርደህ ተመልከት። ጥርት ባለች የባቄላ ፍሬ በምታክል ቱቦ ጫፎች ላይ ነጭ ቅብ ካየህ ኳርትዝ ነው። ወተት የመሰለች ነጭ በርሜል ሆና ከሁለቱም ጫፍ ቀጭን እግር ከወጣላት ሴራሚክ ነው። ሻጭ መጠየቅ አያስፈልግም።

ኳርትዝ ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው የሙቀት ገደቡ ነው፤ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ካለፈ እየነጣ፣ እየደከመ ይሄዳል። ሁለተኛው ሶዲየም በጋለ ኳርትዝ ውስጥ ሰርጎ መውጣቱ ነው። ከቱቦዋ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጎኗ ባለው የድጋፍ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ይነቅላል። ኤሌክትሮኑ የቱቦዋ ግድግዳ ላይ ይቀመጥና ሶዲየሙን ከውስጥ ወደ ውጪ ይስበዋል። ዲዛይነሮቹ ሽቦውን አቅጥነው ከቱቦዋ ያራቁት፣ አንዳንዴም በኳርትዝ መያዣ የሸፈኑት ለዚህ ነው። ሶዲየሙ እየወጣ ሲሄድ ብርሃኑ ይቀዘቅዛል፣ ነጻ የቀረው አዮዲን ማስነሳቱን ያከብዳል፣ የአምፖሉ ቮልቴጅም ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህን የመጨረሻውን ያዘው፤ ለሁለቱ አምፖሎችህ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የሴራሚኩ ቱቦ ብርሃን የሚያሳልፍ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ነው፤ ለሶዲየም አምፖል ቀድሞ የተሠራው ያው ቁስ። ፊሊፕስ በ1994 ለሜታል ሃላይድ ገበያ ላይ አዋለው። ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይችላል፣ ሶዲየም አያሳልፍም፣ ሲመረትም መጠኑ እኩል ሆኖ ነው የሚወጣው፤ የአምፖሎቹ ቀለም የሚቀራረበው ለዚህ ነው። ከባዱ ሥራ አሸጋጎሩ ነበር። ለኳርትዝ የሞሊብዲነም ስስ ቅጠል ይበቃል። ሞሊብዲነም በሙቀት የሚለጠጠው የኳርትዝን አሥር እጥፍ ያህል ቢሆንም ቅጠሉ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለትና ሦስት እጅ ብቻ ስለሚወፍር ኳርትዙን ሳይሰነጥቅ ይተጣጠፋል። አሉሚና ግን በዚህ መንገድ አይታሸግም። ስለዚህ በሙቀት መለጠጡ ከአሉሚና ጋር የሚስማማው ኒዮቢየም የተባለው ብረት በመስታወታማ ማጣበቂያ ይታሸጋል። ኒዮቢየምን ደግሞ ጨው ይበላዋል። መፍትሔው እነዚያ ቀጫጭን ረጃጅም እግሮች ናቸው፤ ማሸጊያው ከሙቀቱ እንዲርቅ ያደርጋሉ፣ ወደ ውስጥ ያለው የሽቦው ክፍልም ጨው በማይበላው ሞሊብዲነም ይተካል። በእኔ ግምት ከሁሉም ብልሃት ትልቁ ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ጣሪያህ። ኳርትዝና ሴራሚክ ተቀላቅለው ከተሰቀሉ ቀለማቸው በምንም አይገጥምም። ሁሉም ሴራሚክ ቢሆኑም ኮዱን አንብብ፤ 830 ማለት 3000 ኬልቪን፣ 942 ማለት 4200 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪኑ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ቀዝቃዛ ነጭ ያደላል። ለዋንዛ ዕቃ 830 ይሻላል፤ በቀዝቃዛው ብርሃን የዋንዛው ቅላት ይደበዝዛል። ስምንቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ አምራች፣ በአንድ ኮድ ለውጥ። አዲስ አምፖል ቀለሙ የሚረጋው 100 ሰዓት ያህል ከበራ በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አትፍረድበት።

ኮዱ አንድ ሆኖ ቀለሙ ከተለያየ ወደ ቮልቴጁ ሂድ። በተራ የሽቦ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ጅረት የሚገድበው ጥቅል) የመስመሩ ቮልቴጅ 10 ከመቶ ሲወርድ የአምፖሉ ኃይል 20 ከመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከላይ ያልኩት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴው ይመጣል። ቀን ሳይሆን ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት፣ ባላስቱ መግቢያ ላይ ለካ። ባላስቱ 220፣ 230 እና 240 የሚሉ ተርሚናሎች ካሉት ሽቦው የትኛው ላይ እንደታሰረ እይ። 240 ላይ ታስሮ መስመሩ 205 ከሆነ አምፖሉ ዕድሜውን ሙሉ ተርቦ ነው የሚኖረው።

ሁለቱ እየጠፉ የሚመለሱትም በአብዛኛው ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። ባለ 70 ዋት አምፖል ጤነኛ ሲሆን በእግሮቹ መካከል 90 ቮልት ገደማ ይይዛል። ሲያረጅ ወይም ሙቀት ሲታፈንበት ይህ ቮልቴጅ ይወጣል፤ ባላስቱ ሊሸከመው የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ፣ ወይም ያን ጊዜ መስመሩ ሲወርድ፣ ይጠፋል። ከበረደ በኋላ ይነሳል፣ ሞቆ ደግሞ ይጠፋል። አዲስ አምፖል ላይም ከተደገመ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። ጤነኛውን አምፖል ወደ ታመመው ቤት (አምፖሉን ከነሪፍሌክተሩ የሚይዘው ሳጥን)፣ የታመመውን ወደ ጤነኛው ቀይር፤ ችግሩ አብሮ ከሄደ አምፖል ነው፣ ካልሄደ ቤቱ ነው። ቤቱ ከሆነ የፊት መስታወቱንና ሪፍሌክተሩን እይ። የመላጊያና የአሸዋ ወረቀት ብናኝ ሲጋገርበት ሙቀቱ ወደ ቱቦዋ ይመለሳል። የእንጨት ሥራው ከመሸጫው ጀርባ ከሆነ ይህ በጣም የሚጠበቅ ነው።

አምፖሉ እየበራ ቮልቴጁን በተራ መልቲሜትር እግሩ ላይ ለመለካት እንዳትሞክር። አምፖሉን የሚያስነሳው ኢግናይተር እስከ 5,000 ቮልት የሚደርስ ምት ይልካል፤ ሜትሩንም እጅህንም አይምርም። ሽቦውን ከውጪ አቅፎ ጅረት የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ተጠቀም። በባላስቱና በአምፖሉ መካከል ባለው ሽቦ ላይ ሞቆ ከረጋ በኋላ 0.98 አምፒር ገደማ መታየት አለበት። ከባላስቱና ከመስመሩ የሚሳበውን ጅረት ከሚቀንሰው ካፓሲተር በፊት ባለው መግቢያ ሽቦ ላይ ደግሞ ግማሹ ያህል፣ 0.4 ወይም 0.5። መግቢያውም ወደ 1 አምፒር ካሳየ ካፓሲተሩ ሞቷል። ለ70 ዋት 12 ማይክሮፋራድ፣ 250 ቮልት ኤሲ አስገባ። የሞተ ካፓሲተር አምፖሉን በቀጥታ አያጠፋም፤ ግን ስምንቱም ከሞቱ መስመርህ እጥፍ ጅረት ይሸከማል፣ በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁን ያወርደዋል።

ሦስት ሽቦ ያለው ኢግናይተር ከአምፖሉ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ መራቅ የለበትም፤ ሽቦው ረዝሞ ከሆነ ምቱ መንገድ ላይ ይዳከማል። ከኢግናይተር ወደ ሆልደር (የአምፖሉ እግር የሚሰካበት) የሚሄደው ሽቦም ሙቀትና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል፣ ሲሊኮን ሽፋን ያለው ይሁን። የጅማ ክረምት እርጥበት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሆልደሩን አውጥተህ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካየህ ምቱ ወደ ጎን እያመለጠ ነው። በአሸዋ ወረቀት ብትፈገፍገው አይድንም፤ በ5 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ሴራሚክ ሆልደር ቀይረው።

መብራት ብልጭ ሲል መዘግየታቸው ብልሽት አይደለም። ሲበራ ሜርኩሪው ከፍተኛ ግፊት ላይ ስለሚደርስ ያን የጋለ ጋዝ እንደገና ለማስነሳት ከ15,000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ያንተ ኢግናይተርም ጂ12 እግሩም ለዚያ አልተሠሩም። «የመኪና ዜኖን ለምን ወዲያው ይበራል?» የሚል አይጠፋም። እሱም ሜታል ሃላይድ ነው። ነገር ግን በብዙ ባር ግፊት ዜኖን ተሞልቶ፣ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚያወጣ የራሱ ባላስት ተሰጥቶት ነው። ለመሸጫ ቤት ርካሹ መፍትሔ ሁለት ኤልኢዲ አምፖል በተለየ መስመር ማስገባት ነው። ተራ ዩፒኤስ አትግዛ፤ ወደ ባትሪ ሲቀይር ያለችው ክፍተት እንኳ ልታጠፋቸው ትችላለች፣ የካሬ ሞገድ ኢንቨርተርም ከካፓሲተሮቹ ጋር አይስማማም።

ስትቀይር ብሬከሩን አጥፋና 20 ደቂቃ ጠብቅ። ጂ12ን ቀጥ አድርገህ ግፋ እንጂ እንደ ተራ አምፖል አታዙር፤ ብዙው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። በባዶ እጅ አትንካ፣ ከነካህ በአልኮል ጥረገው። የፊት መስታወት የሌለው ቤት ውስጥ ጭራሽ አታብራ፤ ዕድሜው ሲያልቅ ቱቦዋ ልትፈነዳ ትችላለች። የውጪው መስታወት ተሰንጥቆ ቢበራም አውርደው፤ አልትራቫዮሌቱ ዓይንን እንደ ብየዳ ብልጭታ ይመታል። ባላስቱ ከወትሮው በላይ ከጮኸና ከጋለ አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጅረት እያሳለፈ ሊሆን ይችላልና ቶሎ አጥፋው። ከአሁን በኋላ ስትገዛም ራሱን በሰዓት የሚያቆም ኢግናይተርና የሙቀት መከላከያ ያለው ባላስት ጠይቅ።

ወደ ኤልኢዲ ልቀይር ወይ ላልከው፣ ሴራሚኮቹ ጥሩ ከሆኑ ባላስቶቹ እስኪሞቱ አትቸኩል፤ ባለ 70 ዋቱ 6,500 ሉመን ገደማ ይሰጣል፣ ርካሽ ኤልኢዲ በቀለም ጥራት አይደርስበትም። ኳርትዞቹን ግን ሲያልቁ አትተካቸው።

የማታውን ቮልቴጅ፣ የሁለቱንም ክላምፕ ንባብ፣ የባላስቱን ጽሑፍ ፎቶ እዚህ ለጥፍ፤ ከዚያ የትኛውን ቤት እንደምትከፍት እንነጋገራለን።